ስንት ዕቃ ይበቃናል?

በብዙዎቻችን ቤት፣ በተለይም በከተማ፣ የሳሎኑን አንድ ግድግዳ ተደግፎ የሚቆም ብፌ አለ። በመስተዋቱ ውስጥ ብርጭቆዎች፣ ሲኒዎችና ሳህኖች በመደዳ ተደርድረው ይታያሉ። እኛ ባደግንበት ቤት ብፌ ውስጥ ስድስት ጠርዛቸው ወርቅማ ብርጭቆዎች ነበሩ። ውኃ ሲጠጣባቸው ያየነው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አቧራቸው ሲጠረግ ግን በየሳምንቱ ቅዳሜ እናይ ነበር፤ ጠራጊዎቹም እኛው ነበርንና። እናታችን «ለእንግዳ ነው» ትለን ነበር። በዓመት ከሃምሳ ጊዜ በላይ ለስድስት ብርጭቆ ሠርተንላቸዋል።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ለመጻፍ የተነሣነው በጥቂት ዕቃ ስለ መኖር ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ጸሐፊ ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ እ.ኤ.አ. በ1845 ወደ ዋልደን ኩሬ ዳርቻ ሄዶ በገዛ እጁ በሠራት ጎጆ ከሁለት ዓመት በላይ ኖሯል፤ ለጎጆዋ ያወጣውንም ወጪ 28 ዶላር ከ12 ሳንቲም ተኩል ብሎ መዝግቧል። (መሬቱ የወዳጁ የኤመርሰን እንደ ነበር ግን አይዘነጋም። በጥቂት ዕቃ ለመኖር መሬት ያለው ወዳጅ ማግኘትም አንድ ነገር ነው።) በዘመናችንም በሀብታሞቹ አገሮች ቁም ሣጥንን ማራገፍ እንደ ፋሽን ተይዟል።

ይህን ፋሽን እንዳለ ወደ እኛ አገር ማምጣት ግን አያስኬድም። ስድስት ሆኖ በአንድ መኝታ ክፍል ለሚኖርና ንብረቱ በሙሉ በአንድ ሎከር ለሚገባ ተማሪ «ዕቃ ቀንስ» ማለት ስድብ ነው። ማጣትና መተው አንድ አይደሉም። እንግዲህ ጥያቄያችን ስለሚጣለው ዕቃ ሳይሆን ገና ስላልተገዛውና ተገዝቶም ስለማይሠራው ነው።

ነገሩን በሙያችን በኩል እንየው። 10 መጻሕፍት በአንድ መደርደሪያ ላይ በስንት ዓይነት ቅደም ተከተል ሊቀመጡ ይችላሉ? በ3,628,800 ዓይነት። ከእነዚህ ሁሉ የፈለግነውን መጽሐፍ በጨለማ እንኳ የምናገኝበት፣ የለመድነው ድርድር አንዱ ብቻ ነው። መጻሕፍቱ 5 ቢሆኑስ? 120። የዕቃው ቁጥር በግማሽ ሲቀንስ የመዘበራረቂያው መንገድ ከ30,000 እጥፍ በላይ ያንሳል። ቦልትዝማን ኢንትሮፒን ያያያዘው ከዚህ ዓይነቱ የአቀማመጥ ብዛት ጋር ነው። እርግጥ መጻሕፍት እንደ ሞለኪውል በራሳቸው አይንቀሳቀሱም፤ የምናንቀሳቅሳቸው እኛው ነን፤ ስለዚህም ምስያውን ከልኩ አናሳልፈው። ቢሆንም ፈተና ሲደርስ የጠፋ ደብተር ፍለጋ ሌሊቱን ያጋመሰ ሰው የምንለው ይገባዋል።

ሌላው ዕቃው ከመምጣቱ በፊት የጨረሰው ኃይል ነው። አንድ ኪሎ ግራም አልሙኒየም ከማዕድኑ በኤሌክትሮሊሲስ ለማውጣት ወደ 14 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይፈጃል። ይህ ኃይል ባለ 10 ዋት አምፖልን በየማታው አምስት አምስት ሰዓት ለ280 ሌሊት ያበራል። የተጣለውን አልሙኒየም መልሶ ማቅለጥ ግን ከዚህ ኃይል ወደ 95 በመቶ የሚሆነውን ያተርፋል። በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ሰውና የምናለሽ ተራ ቀጥቃጮች ይህን ቁጥር ባይጽፉትም ሥራቸው ይኸው ነው። እኛ ምሁራን ነን ባዮቹ ግን የላብራቶሪ ዕቃችንን እንዴት ይዘነዋል?

ዶክትሬታችንን ጨርሰን ከውጭ አገር ስንመለስ በመጋዘን ውስጥ በእርዳታ የመጡ መሣሪያዎች እስከ ጣሪያው ተከምረው አገኘን። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። በመጀመሪያው ሳምንት አንዱን ኦሲሎስኮፕ አውጥተን ግድግዳው ላይ ሰካነው፤ ሽታው ኮሪደሩን ሞላው። መሣሪያው የተሠራው ለ110 ቮልት ነበር፤ የእኛ መሥመር 220 ቮልት ነው። ለአንድ ሬዚስታንስ ቮልቴጁ እጥፍ ሲሆን የሚባክነው ኃይል አራት እጥፍ እንደሚሆን በማግሥቱ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ልናስተምር ነበር። ጥፋቱ የራሳችን ነው፤ ከኋላው የተለጠፈውን ጽሑፍ አላነበብንም። ነገር ግን መመሪያ መጽሐፍ የሌለው፣ መለዋወጫ የማይገኝለት፣ ማንም ያልጠየቀው መሣሪያ ለምን ተቀበልን? «ይምጣ፣ ይጠቅማል» ስለምንል ነው። የብፌው ልማድ ወደ ሳይንስ ፋኩልቲ ገብቶ ማለት ነው።

ፋራዴይ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 29 ቀን 1831 ኤሌክትሮማግኔታዊ ኢንዳክሽንን ሲያገኝ የተጠቀመው በአንድ የብረት ቀለበት፣ በላዩ በተጠመጠሙ ሁለት ሽቦዎች፣ በባትሪና በመግነጢስ መርፌ ነው። ይሠራበት የነበረው ተቋም ዕቃ ስላጠረው አልነበረም። እነዚያን ጥቂት ነገሮች ግን ጠባያቸውን ጠንቅቆ ያውቅ ነበርና መርፌዋ ባትሪው ሲገናኝና ሲቋረጥ ብቻ ለቅጽበት መወዛወዟ አላመለጠውም። አሥር ቆጣሪ በአንድ ጊዜ የሚያነብ ሰው ያችን ቅጽበት አያያትም እንላለን።

«መጋዘኑ ባዶ ይሁን ነው የምትሉት?» ብሎ የሚጠይቀን ባልደረባ አለ። አይደለም። ከአምስት የተበላሹ መሣሪያዎች አንድ የሚሠራ ይወጣል፤ ሌላው ገላልጦ ለመማሪያ ይሆናል፤ የቀረው ለቆራሌው። ተማሪዎቻችንም ቢሆኑ ገና የሚሠራ ስልክ እያላቸው አዲስ ሞዴል ወጣ ብለው ወላጆቻቸውን ከማስጨነቃቸው በፊት ያለውን አንዴ ከፍተው ባትሪውን ቢለውጡት፣ ወይም ለአንድ ክፍል ስድስት ካውያ ከመግዛት አንዱን በጋራ ቢይዙ የሚጎድልባቸው አይታየንም።

መጋዘኑን በሚቀጥለው ሴሚስተር መጀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት እንከፍታለን። ትራንስፎርመር አዘጋጅተናል፤ መልቲሜትርም ሁለት አለን። ካቻቢቴ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።