ኮንትራትን ማን መረጠው?

ሰሞኑን ወልቂጤ ላይ ለተመራቂ ወጣቶች በተዘጋጀ ሥልጠና አንድ አሠልጣኝ መድረክ ላይ ወጥተው ስለ ሥራ ውል መከሩ። ቋሚ ቅጥር የሰነፍ መደበቂያ ነው፣ ኮንትራት ግን ነፃነት ነው፤ ወጣት ናችሁና ነፃነትን ምረጡ አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኚህ ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ወንበር ተነሥተው አያውቁም። በየወሩ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጥባቸዋል፣ መንግሥት 11 በመቶ ይጨምርላቸዋል፣ ለዚያች ንግግርም አበል ያወራርዳሉ። ነፃነቱን ለሰው ልጅ መረቁት እንጂ ለራሳቸው አልተመኙትም።

እኔን ያንገበገበኝ ያ «ምረጡ» ያሉት ነው። የቱን ከየቱ? ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር የቆመ ልጅ የሚያገኘው «የቅጥር ሁኔታ፦ በኮንትራት» የሚል አንድ መስመር ነው። ከሥሩ «ወይም በቋሚነት፣ እንደ አመልካቹ ምርጫ» የሚል ያነበበ ካለ ያሳየኝና ይቅርታ እጠይቃለሁ። መራጩ ቀጣሪው ነው። ልጁ የሚመርጠው መፈረም ወይም ወላጆቹ ቤት መቀመጥ ነው።

ደግሞስ ቀጣሪውም ቢሆን እንዳሻው የመምረጥ መብት ማን ሰጠው? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 9 ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል ይላል። ከዚህ የሚያፈነግጠው በአንቀጽ 10 የተዘረዘረው ብቻ ነው፦ በፈቃድ ወይም በሕመም ለጊዜው የቀረን ሠራተኛ መተካት፣ ያልተለመደ የሥራ መደራረብ፣ አደጋ ለመከላከል የሚሠራ አስቸኳይ ሥራ፣ ወቅታዊ ሥራ፣ እነዚህንና የመሳሰሉትን ነው የሚለው። «ሠራተኛው ወጣት ሲሆን» የሚል የለበትም። «አሠሪው ማሰናበት እንዲቀለው» የሚልም የለበትም። ውሉን የሚወስነው የሥራው ጠባይ ነው፤ ወረቀቱ አናት ላይ የተጻፈው ርዕስ አይደለም።

የግል ትምህርት ቤቶችን እንይ። አምና ሒሳብ ነበር፣ ዘንድሮም ሒሳብ አለ፣ ከርሞም ይኖራል። መምህሩ ግን የሚፈርመው ከመስከረም እስከ ሰኔ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደመወዝ የለም፤ አከራዩ ግን ክረምት ነው ብሎ ኪራይ አይምርም። ነሐሴ ላይ ምዝገባ ሲጀመር ያው መምህር «ና እስቲ አግዘን» ይባላል፣ በነፃ። መስከረም ላይ አዲስ ውል፣ አንዳንዱም ዘንድ አዲስ የሙከራ ጊዜ! ሕጉ ሙከራን ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ገድቦታል፤ በዚያው አሠሪ ዘንድ ለዚያው ሥራ ተመልሶ የተቀጠረንም ዳግመኛ መሞከር ከልክሏል። ስንት ዓመት ያስተማረን ሰው ምኑን ነው የሚሞክሩት?

ባለቤቶቹ «ማስተማር ወቅታዊ ሥራ ነው» ይሉ ይሆናል። እንግዲህ የማረቆ በርበሬ ለቀማና የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ አንድ ሆነዋል ማለት ነው። ታዲያ ርዕሰ መምህሩስ ለምን ክረምቱን ደመወዝ ይበላል?

አሠልጣኙ የመጨረሻዋን ጭብጨባ ያገኙት ግን አገሩን በማወደስ ነው፤ ጉራጌ ነጋዴ ነው፣ በቅጥር አልከበረም ብለው። ደስ ይላል። የጉራጌ ነጋዴ መነሻ ካፒታል ከየት እንደሚመጣ ግን የጠየቁ አይመስለኝም። አብዛኛውን ጊዜ ከዕቁብ ነው። ዕቁብ ደግሞ ሳያቋርጥ የሚጥል ሰው ይፈልጋል፤ ቀድሞ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ሊወስድ ሲመጣ ዋስ አምጣ ይባላል። ሰኔ 30 ደመወዙ የሚቆም ሰው የሐምሌን ምን ብሎ ይጥላል? ማንስ ዋስ ይሆነዋል? ብድር ልውሰድ ቢልም አበዳሪው የቋሚ ሠራተኛ ዋስና የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይጠይቀዋል። ነጋዴ ሁኑ እያሉ የነጋዴን መነሻ መንጠቅ ምን የሚሉት ምክር ነው?

በእጁ ያለው ሙያ ተፈላጊ ሆኖ በአጭር ውል የሚጠቀም ሰው የለም አልልም። አዲስ አበባ ተቀምጦ ለውጭ ድርጅት ሶፍትዌር የሚሠራው ይጠቀም፣ ይባረክለት። የቡታጅራ ፋርማሲ ውስጥ ቆሞ የሚያድር ልጅ ግን የእሱ ምሳሌ አይበቃውም።

ወልቂጤም ቡታጅራም ዛሬ የዞን መቀመጫ ናቸው። የሠራተኛ ጉዳይ የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ከትምህርት ቤቶቹ ሩቅ አይደለም፤ ተቆጣጣሪዎቹ አንድ ቀን የመምህራኑን ውል ጠይቀው ቢያነቡ የሚያስፈልጋቸው አንቀጽ 9ን እና 10ን አጠገቡ መዘርጋት ብቻ ነው።

እናንተም የፈረማችሁትን ወረቀት ቅጂ ሳትይዙ አትውጡ። ወረቀት ካልተሰጣችሁ ደግሞ አሠሪው የውሉን ይዘት በ15 ቀን ውስጥ ጽፎ፣ ፈርሞ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ባይሰጥም መብታችሁ አይቀርም። ቀኑን ግን ቁጠሩ። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ሰኔ 30 ተሰናብቶ መስከረም አጋማሽ ላይ «ዘንድሮ አንፈልግህም» የተባለ መምህር ፍርድ ቤት ለመሄድ የቀረው ሁለት ሳምንት ብቻ ነው።