የጋራ ሀብት ይጠፋል ያለው ማነው?

በኢኮኖሚክስ ምሁራን ዘንድ ለዓመታት ሥር የሰደደ አንድ እምነት አለ። ይኸውም የጋራ የሆነ ግጦሽ፣ ደን ወይም ውኃ መጥፋቱ ስለማይቀር ለግለሰብ መሰጠት፣ አለዚያም በመንግሥት እጅ መግባት አለበት የሚል ነው። አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጡት ጽሑፍ ይህንኑ እምነት አገነነው።

እምነቱን የነቀነቁት ግን ከኢኮኖሚክስ ትምህርት ደጃፍ የተመለሱ ሴት ናቸው። ኤሊኖር ኦስትሮም በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በኢኮኖሚክስ ለዶክትሬት ቢያመለክቱ፣ የሒሳብ ትምህርት ይጎድላቸዋል ተብለው ሳይሳካላቸው ቀረ። ስለሆነም ፖለቲካ ሳይንስ ገብተው እ.ኤ.አ. በ1965 ተመረቁ። የመመረቂያ ጥናታቸውም በደቡብ ካሊፎርኒያ የከርሰ ምድር ውኃ ተጠቃሚዎች ውኃቸውን ከጥፋት ለማዳን እንዴት እንደተስማሙ የሚያሳይ ነበር። ኋላም በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ እያስተማሩ የስዊዘርላንድን የተራራ ግጦሽ፣ የስፔይንን መስኖና የቱርክን ዓሣ አጥማጆች አሠራር መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ደንብ ካወጡ፣ ከተቆጣጠሩና አጥፊውን ከቀጡ የጋራ ሀብት ለዘመናት ሊዘልቅ እንደሚችል አስረዱ። እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማትን ከኦሊቨር ዊሊያምሰን ጋር ሲካፈሉ፣ በዘርፉ ለሽልማቱ የበቁ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። በሰሜን ሸዋ የመንዝ ነዋሪዎች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ‹‹ቄሮ›› በተባለ ሥርዓት የጓሳን ሣር ለዓመታት ከልለው፣ ወቅቱ ሲደርስ ከፍተው ሲያጭዱ ኖረዋል። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ያገለግላል፤ ለገበያም ይቀርባል። በ1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም፣ ነዋሪው ጥበቃውን ኋላ በአዲስ መልክ አቋቁሞታል።

ዛሬ የአካባቢና የተፈጥሮ ሀብት ኢኮኖሚክስ የሚያጠና ወጣት ቀመሩን ማወቁ ግድ ነው። ነገ አንድ ግጦሽ ለባለሀብት ይሰጥ ወይስ በነዋሪው እጅ ይቆይ ሲባል መነሻ የሚሆነው የእሱ ጥናት ሊሆን ይችላልና። ዳሩ ግን ማን እንደሚያጭድ፣ ማን እንደሚጠብቅ፣ አጥፊውን ማን እንደሚቀጣ ገበሬውን ሳይጠይቅ ያወጣው ዋጋ ከወረቀት አያልፍም። መምህራንም ተማሪያቸውን በሒሳብ ውጤቱ ብቻ ሳይሆን በመስክ ሥራውም ቢመዝኑት ይበጃል። የጋራ ሀብት የሚያልቀው የጋራ ስለሆነ አይደለም፤ አበው እንደሚሉት ነገሩ ‹‹ከአያያዝ ይቀደዳል›› ነው።