ከአናታችን በላይ የሚያልፈውን እናስላ

የመጀመሪያዪቱ የኢትዮጵያ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር ስትመጥቅ አጨብጭበናል። ሆኖም መንገዷን ማስላት የማይችል ሕዝብ፣ የገዛ ንብረቱ መቼ በላዩ እንደሚያልፍ ባዕድ ሲጠይቅ ይኖራል።

ስሌቱ ለእኛ ለተማሪዎች ሩቅ አይደለም። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ምድርን በ93 ደቂቃ ያህል ይዞራል፤ በዚያው ጊዜ ምድር ወደ ምሥራቅ 23 ዲግሪ ገደማ ትሽከረከራለች። ስለዚህ በደብረ ማርቆስ ላይ ያለፈው ጣቢያ በቀጣዩ ዙር በቻድ አካባቢ ያልፋል። ጠፈርተኞቹም በአማተር ሬዲዮ፣ በ145.800 ሜጋ ኸርዝ፣ ከተማሪዎች ጋር የሚነጋገሩበት ጊዜ አለ።

ለመናገር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለመስማት ግን አነስተኛ መቀበያና አንቴና ይበቃል። ማኅበራችን መቀበያውን ይግዛ፤ የፊዚክስ ተማሪዎችም የማለፊያውን ሰዓት አስልተው ይለጥፉ። ስሌቱ ከሠመረ ጣቢያው በጠራ ምሽት እንደ ደማቅ ኮከብ በሰዓቱ ብቅ ይላል፤ ካልሠመረም ደግመን እናስላ።