«ዶክተር፣ መኪና የለሽም እንዴ?»



ወደ ሥራ የምመላለሰው በሳይክል ነው። ታካሚዎቼም ባልደረቦቼም ደጋግመው የሚጠይቁኝ ከላይ በርዕሱ ያለውን ነው። ጥያቄው በቅንነት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ከጀርባው ያለው አስተሳሰብ ግን ጤናችንን እየጎዳ ስለሆነ ዛሬ በግልጽ ልናገር።

የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ያለባቸውን ሰዎች «እንቅስቃሴ ያድርጉ» ስላቸው ብዙዎቹ «ጊዜ የለኝም» ይሉኛል። እነዚሁ ሰዎች ጠዋት በታክሲ ሰልፍ፣ ማታ በመንገድ መጨናነቅ ስንት ሰዓት ያጠፋሉ! ጊዜውማ አለ፤ ቁጭ ብለን ነው የምናሳልፈው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። እስኪ አስሉት፦ ሥራ ቦታችሁ በሳይክል 15 ደቂቃ ቢሆን፣ ደርሶ መልስ 30 ደቂቃ ነው። በአምስት የሥራ ቀን 150 ደቂቃው ሞላ። ለጂም አልከፈላችሁም፣ ሌላ ሰዓትም አልፈለጋችሁም። እግራችሁ ሲሠራ ጡንቻው ከደም ውስጥ ስኳር እየወሰደ ያቃጥላል፣ ኢንሱሊን በደንብ ይሠራል፣ ከጊዜ በኋላ ግፊት ይቀንሳል፣ እንቅልፍም ይሻሻላል። ሰውነታችሁን ኮርቻው ስለሚሸከመው ጉልበታችሁ ላይ የሚያርፈው ጫና ከሩጫ ያነሰ ነው።

ቀላል ነው ብዬ አልዋሻችሁም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ዳገቷ ትንፋሽ ያሳጥራል። ክረምት ሲገባ ጭቃው እስከ ጉልበት ይረጫል። የሚኒባሱ ጭስ፣ የጥሩምባው ጩኸት፣ ሳያይ በሩን የሚከፍተው ሹፌር አለ። አንድ መሥሪያ ቤት ለስብሰባ ስሄድ ጥበቃው ለመኪናዎቹ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ እኔን «ሳይክል እዚህ አይቆምም» ብሎኛል። በእሱ አልፈርድም፤ መኪና ያለውን ማክበር፣ ሳይክል የያዘውን መናቅ ያስተማርነው እኛው ነን።

ሆኖም ዳገቱን ስጨርስ እግሬ ቢዝልም አእምሮዬ ይነቃል። ሰልፍ ሳልጠብቅ፣ ከማንም ጋር ሳልጋፋ በሰዓቴ እደርሳለሁ። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ያላችሁ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ እዚያ ተማሪውም ሠራተኛውም ሲነዳ የሚገረም የለም። ሳይክልን የድህነት ምልክት ያደረገው ይሉኝታችን እንጂ ሳይክሉ አይደለም።

አሁን ወደ ወላጆች ልምጣ። ለወንድ ልጃችሁ ሳይክል ትገዛላችሁ። እህቱ ስትጠይቅ ግን «ድንግልናሽ ይጎዳል» ትላላችሁ። እናቶች፣ አባቶች፣ ይህ ልማድ እንጂ ሕክምና አይደለም! የድንግልና ሽፋን የሚባለው ሊለጠጥ የሚችል ስስ አካል ነው፤ ቅርጹም ከሴት ሴት ይለያያል። እሱን አይቶ አንዲት ልጅ ግንኙነት ፈጽማለች ወይም አልፈጸመችም ብሎ በእርግጠኝነት መናገር የሚችል ምርመራ የለም። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2018 የድንግልና ምርመራ የሚባለው እንዲቆም የጠየቁትም ለዚህ ነው። ልጃችሁን ከሳይክል ስታወርዷት የምትጠብቁላት ነገር የለም። የምትወስዱባት ግን አለ፦ ጠንካራ ጡንቻ፣ ጤናማ ልብ፣ በራስ መተማመን። ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ፣ ወንድም ሴትም፣ በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለበት።

«መኪና ቢገጫትስ?» ትሉኛላችሁ። ፍርሃቱ ልክ ነው። በዓለም ዙሪያ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉት ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው ነው። ነገር ግን የሚገድለው ፔዳሉ ሳይሆን የመኪና ፍጥነትና ግዴለሽነት ነው። በኮሪደር ልማቱ በተሠራው የሳይክል መስመር ላይ መኪና የምታቆሙ፣ ሞተር የምትነዱ፣ ያ መስመር የሰው ሕይወት ነው። ልጆቻችንን በፍርሃት ቤት ከምንዘጋባቸው መንገዱን እናስከብርላቸው።

ለመጀመር ካሰባችሁ፦

1. ሄልሜት አድርጉ፤ ማሰሪያውን አገጭ ሥር አጥብቁ። ያልታሰረ ሄልሜት ስትወድቁ ይወልቃል።
2. ከመውጣታችሁ በፊት ፍሬንና ጎማ ፈትሹ። ሲመሽ መብራትና የሚያንጸባርቅ ልብስ ተጠቀሙ።
3. ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የምትወስዱ፣ ከረሜላ ከኪሳችሁ አይጥፋ። መንቀጥቀጥ፣ ላብ ወይም ማዞር ከተሰማችሁ ወዲያው ወርዳችሁ ውሰዱ።
4. የደረት ሕመም፣ ያልተስተካከለ የደም ግፊት ወይም የሚጥል ሕመም ያለባችሁ፣ መጀመሪያ ሐኪማችሁን አማክሩ።
5. በሳምንት ሁለት ቀን፣ በአጭር መንገድ ጀምሩ። ዳገቱ ከከበዳችሁ ወርዶ መግፋት ነውር የለውም።

ሴት ልጃችሁን ሳይክል የከለከላችሁ ካላችሁ፣ የፈራችሁትን በኮመንት ጻፉልኝ፤ አንድ በአንድ እመልሳለሁ። ለሌሎች ወላጆችም እንዲደርስ ሼር አድርጉ።

ጤናችሁ ይብዛ!