ከ9፡30 በኋላ ልጃችን የት ነው? እንዴትስ ነው?

ትምህርት በተከፈተ ቁጥር ስልኬ ላይ የሚደጋገም ጥያቄ አለ፤ «ሲስተር፣ ልጁን የት ላስጠናው?» የሚል። እኔ ነርስ እንጂ መምህር አይደለሁም። ቢሆንም ጥያቄው ወደ እኔ መምጣቱ አይገርመኝም። የቢሮ ሠራተኛ ከሥራ የሚወጣው 11፡30 ነው፤ የታክሲ ሰልፍ ተጨምሮበት ቤቱ የሚደርሰው 1 ሰዓት ሲሆን ነው። ልጁ ግን 9፡30 ላይ ከክፍል ይወጣል። የመካከሉን ሰዓት ድሮ አያትና ጎረቤት ይሸፍኑት ነበር። ዛሬ ሁሉም በሩን ዘግቶ ሲውል ሰዓቱን ቲቶሪያል ወሰደው።

በዚያ ላይ ፍርሃቱ አለ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተነገረ ወዲህ፣ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ያለው ወላጅ ሳይቀር ደንግጧል። ድንጋጤው ይገባኛል። ነገር ግን ልጁን በድንጋጤ ካስመዘገበ በኋላ ምን እያገኘ እንደሆነ መለስ ብሎ የሚያይ ጥቂት ነው። በየወሩ ይከፈላል፣ የቤት ሥራው ተሠርቶ ይመጣል፣ አበቃ።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩኝ፣ በምሠራበት ጤና ጣቢያ አንዲት እናት የሦስተኛ ክፍል ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷን ሽንቷን ያቃጥላታል፣ እምብርቷ ሥር ያማታል፤ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሲመላለስባት ሦስተኛው ነው። እናት «ብርድ ነው» ብላ ወፍራም ሱሪ ስትደራርብላት ከርማለች። ሽንቷ ሲመረመር ኢንፌክሽን ተገኘ። ቀስ ብዬ ስለ ውሎዋ ስጠይቃት ነገሩ ወጣ። የምታጠናው በኪራይ ቤት ነው፤ የሽንት ቤቱ ቁልፍ ያለው ከአከራዮቹ ጋር ነው፤ ልጆቹ መጠየቅ ያፍራሉ። ስለዚህ ከምሳ በኋላ ውሃ አትጠጣም፤ ሽንቷንም ቤት እስክትገባ ድረስ ትይዛለች። ውሃ መቀነስና ሽንት መያዝ አንድ ላይ ሲሆኑ ጀርሙ ፊኛ ውስጥ ለመራባት ጊዜ ያገኛል። የሆድ ድርቀትም ይመጣል፤ ድርቀቱ ደግሞ ፊኛውን እየተጫነ ነገሩን ያብሰዋል። የሒሳብ ውጤቷ ግን ከፍ ብሎ ነበር፤ እናቷ ይህን በኩራት ነግራኛለች። (በነገራችን ላይ ሽንት የሚያቃጥለው ልጅ ትኩሳት ወይም የጎን ሕመም ካለው በዚያው ቀን ይመርመር። ከታላቅ ወንድሙ የተረፈ አንቲባዮቲክ አይሰጠው።)

ስለዚህ የማስጠኛ ቦታ ልታዩ ስትሄዱ ከሰሌዳው በፊት ሽንት ቤቱን እዩ። ክፍት ነው? ውሃና ሳሙና አለው? ሳትነግሩ፣ 10፡30 አካባቢ ሂዱ። ልጆቹን ቁጠሩ። አንድ አስጠኚ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ያሉ ሃያ ልጆችን ባንድ ክፍል ሰብስቦ ከሆነ፣ ሥራው ማስጠናት ሳይሆን መጠበቅ ነው። ልጅ መጠበቅም ዋጋ አለው፤ ነገር ግን የምንከፍለው ለየትኛው እንደሆነ እንወቅ። ልጁን ማን ተቀብሎ ለማን እንደሚያስረክበውም ጠይቁ። ቤት ድረስ የሚመጣ አስጠኚ ከሆነ ሳሎን፣ በሩ ክፍት ሆኖ ይቀመጥ እንጂ መኝታ ቤት አይግባ። ይህ ሰውን መጠርጠር አይደለም፤ ለራሱ ለአስጠኚውም ጥበቃ ነው። በደስታ ይሄድ የነበረ ልጅ ድንገት «አልሄድም» ካለ ደግሞ፣ ስንፍና ነው ብሎ ከመቆጣት በፊት ምን እንደሆነ ይጠየቅ።

የሆድ ነገርም አለ። 6 ሰዓት ላይ ምሳውን የበላ ልጅ እራቱን የሚያገኘው ማታ 2 ሰዓት ከሆነ ስምንት ሰዓት ሙሉ ባዶ ሆድ ነው። በባዶ ሆድ የተነገረው ክፍልፋይ አይገባውም። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ መቅረቡ ትልቅ እፎይታ ነው፤ የከሰዓቱ ግን የእኛው ድርሻ ነው። ሙዝ፣ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል ይበቃል። ቆሎ ለትንንሾቹ አይሁን፤ ትን ይላቸዋል።

እንቅልፉን ደግሞ አብረን እናስላ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ለሰርቪስ ጠዋት 12 ሰዓት የሚነሳ ልጅ ትንሹን 9 ሰዓት እንኳ እንዲሞላ ማታ 3 ሰዓት ላይ መተኛት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነትን የሚያሠራ እንቅስቃሴ ይመክራል። ቲቶሪያሉ ግማሽ ሰዓት ኳስ ወይም ገመድ ዝላይ ካለው እኔ ነጥብ እጨምርለታለሁ። ወላጆች ግን «ልጫወት ከሆነማ ምን አስከፈለኝ» ይላሉ።

ትምህርቱን ለመመዘን አስተማሪ መሆን አያስፈልግም። ትክክል ከተሠራው የቤት ሥራ አንድ ጥያቄ ምረጡና ደብተሩን ዘግታችሁ በሌላ ወረቀት ላይ ያው ልጅ ይሥራው። ከሠራው ጥሩ። ካልቻለ የቤት ሥራውን የሠራው አስጠኚው ነው። ሁለተኛው መመዘኛ ጊዜ ይፈልጋል፤ ጎበዝ አስጠኚ ከመንፈቅ በኋላ «አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃዋል» ይላችኋል። ዓመት ሙሉ አምስት ቀን ካላጠና የማይንቀሳቀስ ልጅ አስጠኚውን ተደግፏል። የክፍል መምህሩ ራሱ ከሰዓት በኋላ በክፍያ የሚያስጠናው ከሆነስ? ቅን መምህራን ብዙ ናቸው፤ ሆኖም ጠዋት በክፍል ያልተነገረው ከሰዓት በገንዘብ እየተነገረ እንዳይሆን የማያጠኑትን ልጆች ወላጆች ጠይቁ።

አያቶች «እንግሊዝኛውን አላውቅ፣ ምን ልረዳው?» ትላላችሁ። ልጁ ያነበበውን በአማርኛ ይንገራችሁ፤ ያልገባችሁን ጠይቁት። ለማስረዳት ሲል እርሱም ይገባዋል። ክፍያ ለከበደው ቤት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ለአራት ኪሎ የሚቀርብ ሰው ደግሞ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል አለው።

የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ክፍያ ከመድረሱ በፊት አንድ ሳምንት ሦስት ነገር መዝግቡ፤ እኛ ለሕመምተኛ ቻርት እንደምንሞላው ማለት ነው። ልጁ ቤት የገባበት ሰዓት፣ የተኛበት ሰዓት፣ ኮዳው ውስጥ ሳይጠጣ የተመለሰው ውሃ። ከዚያ ወረቀቷን ይዛችሁ አስጠኚውን አነጋግሩ።