ከስፖንጅ ቁርበት ይሻላል (አትሳቁ)

ዛሬ ስለ ፍራሽ ነው የምጽፈው። አዎ፣ ስለምንተኛበት ፍራሽ። አገር ስንት የሚጻፍበት ጉዳይ እያለው ምን ነካሽ የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ግን ከዕድሜያችን ሲሶውን የምናሳልፈው እሱ ላይ ተጋድመን ነው፤ ለሲሶ ዕድሜ አንድ ጽሑፍ አይበዛበትም።

አብዛኞቻችሁ እንደኔ ተከራይ እንደሆናችሁ እገምታለሁ። ቤታችን ሦስት በአራት የሆነች ክፍል ናት። አልጋው ሶፋም ነው፣ የምግብ ጠረጴዛም ነው፣ የእንግዳ ማረፊያም ነው። ደመወዝ ስንጀምር መጀመሪያ የምንገዛው ስፖንጅ ፍራሽ ነው። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ይነፋፋል፣ ያኮራል። በዓመቱ መሐሉ ይጎደጉዳል። በሁለተኛው ዓመት የአልጋውን ርብራብ በጎናችን መቁጠር እንጀምራለን። ከዚያ ከላዩ ሌላ ቀጭን ስፖንጅ እንደርባለን፤ እሱም ይተኛል። (በቤቱ ውስጥ በደንብ የሚተኛው ፍራሹ ብቻ ነው ማለት ነው።)

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ማወቅ ይጠቅማል። ስፖንጅ የምንለው ፖሊዩሬቴን የሚባል፣ ከነዳጅ ተዋጽኦ የሚሠራ ፕላስቲክ ነው፤ ኦቶ ባየር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1937 የደረሱበት። ውስጡ አየር የያዙ ጥቃቅን ክፍሎች ናቸው። የሰው ክብደት፣ ሙቀትና ላብ እነዚያን ክፍሎች ቀስ በቀስ ይሰባብራቸዋል፤ አንዴ ከተሰበሩ ደግሞ ጠጋኝ የላቸውም። ስለዚህ የፍራሹን ዕድሜ የሚወስነው ውፍረቱ ሳይሆን በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ስንት ኪሎ እንዳለ ነው። ከ20 ኪሎ በታች የሆነው ቶሎ ይሞታል፣ ከ30 በላይ የሆነው ይቆያል። እኛ ግን ገበያ ወጥተን የምንጠይቀው ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ አንሡና ክብደቱን ሞክሩት፤ ወፍራም ሆኖ እንደ ላባ ከቀለላችሁ እዚያው ተዉት። በነገራችን ላይ እሳት አይችልም። ሲነድ የሚያወጣው ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሳያናይድ ያለበት መርዝ ነው። መብራት ሲጠፋ አልጋ አጠገብ ሻማ የምታቆሙ ልብ በሉ።

አሁን ጋይንት ልውሰዳችሁ። የእናቴ አገር ስለሆነ ብቻ አይደለም (እሱም አለበት)፤ ፍራሽ ሳይገዛ ለዘመናት ተኝቶ ያደረ አገር ስለሆነ ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ ከወረታ ወደ ወልዲያ በሚወስደውና ሰው ቻይና መንገድ በሚለው መንገድ ደብረ ታቦርን አልፋችሁ፣ ጉናን እያያችሁ ንፋስ መውጫ ትደርሳላችሁ። የከተማዋ ስም ብርዱን ከነምክንያቱ ይነግራችኋል። ከዚያ ታች ጋይንትና ስማዳ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ እየወረዱ ይሄዳሉ፤ እስቴም በበኩሉ ከጉና በታች ወደ ዓባይ ይዘልቃል። ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ተራራ ሥር የሚኖር ሰው ስለ መኝታ ሳያስብ መኖር አይችልም። ያለው ነገር ደግሞ በግና በሬ ነው። መኝታውን ከዚያው ሠራው።

ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የምታገኙት መደብ ነው፤ ግድግዳውን ተደግፎ ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ፣ በእበት የተለቀለቀ። አይነቃነቅም፣ አይጎደጉድም። ከላዩ ቁርበት ይነጠፋል፤ በችካል ተወጥሮ የደረቀ የበሬ ቆዳ። ለፍቶ የለሰለሰው ደግሞ ጀንዲ ነው። ከቁርበቱ ላይ አጎዛ ይመጣል፣ ጸጉሩ ሳይነሣ የለፋ የበግ ቆዳ። የሚለበሰው ከበግ ጸጉር ተፈትሎ የተሸመነ ዝተት ወይም ባና ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን ጠፍር አልጋ ነው። የእንጨቱ ክፈፍ ይበሳል፣ ጥሬ የበሬ ቆዳ በቀጭኑ ይተለተልና እርጥብ እያለ ወዲያና ወዲህ ይጠላለፋል። ሲደርቅ ቆዳው ይኮማተራል፤ የትኛውም ጎልማሳ በእጁ ሊወጥረው ከሚችለው በላይ ራሱን በራሱ ይወጥራል። ከጊዜ በኋላ ከረገበ ውሃ ማርከፍከፍና እንደገና መሳብ ነው። አንድ ጠፍር ቢበጠስ አንዱን መቀየር ነው። ከሥሩ አየር ስለሚመላለስ ላብ አይጠራቀምበትም። የሚጠገን ዕቃ ለነጋዴ አይመችም፣ ሁለተኛ አይሸጥማ! ሕንዶች ቻርፖይ የሚሉት በገመድ የተጠላለፈ አልጋ የዚህ ወንድም ነው። ከእኛ ክፍል የባሰ ጠባብና እርጥብ ቤት የነበራቸው የአውሮፓ መርከበኞችም መፍትሔያቸው ፍራሽ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1492 በኋላ ከካሪቢያን ሰዎች ያዩትን የሚንጠለጠል መረብ ወስደው ለብዙ መቶ ዓመታት ተኙበት። የጉና ወንዞች ርብና ጉማራ የሚገቡበት ጣና ላይም የታንኳ ቀዛፊ ትራስ ይዞ አይሳፈርም። ታንኳዋ የታሰረችበት ደንገል ራሱ መቀመጫው ነው።

ይህን ለጓደኞቼ ሳወራ «የገጠር ናፍቆት ያዘሽ» ይሉኛል። አልያዘኝም። ጠፍር አልጋ መጋጠሚያው ውስጥ ትኋን እንደሚያስገባ፣ የፈላ ውሃ ካልተደፋበት እንደማይለቅ አውቃለሁ (የስፖንጅ ስፌት ውስጥም ይገባል፣ እዚያ ግን የፈላ ውሃ መድፋት አይቻልም)። በደንብ ያልለፋ አጎዛ ይሸታል፤ ፀሐይ ካላገኘ ብል ይበላዋል። መደብ ላይ በቁርበት ብቻ ማደርም ለጎን አጥንት ቀልድ አይደለም። ስማዳ ያሉት አያቴ ልጃቸው ከከተማ ስፖንጅ ገዝቶላቸው ነበር፤ ለእንግዳ አነጠፉትና ራሳቸው ወደ ጠፍራቸው ተመለሱ። ለምን ስላቸው «ልጀ፣ ይኸ ነገርኮ ሰው ይውጣል» አሉኝ። ወገባቸው ለታመመ ሰው ከዚህ የተሻለ የስፖንጅ ግምገማ አላነበብኩም።

ታዲያ ይህን ያህል የሚበረክት ነገር እያለን ለምን እንሸሸዋለን? ምቾት አይመስለኝም። የምንሸሸው የሠራውን ሰው ነው።

ቆዳ የሚያለፋው ሰው በአገራችን ስሙ ፋቂ ነው። ቃሉ ሙያም ነው፣ ስድብም ነው። እሱም፣ ሸማኔውም፣ ቀጥቃጩም፣ ሸክላ ሠሪዋም ቡዳ እየተባሉ፣ ከጋብቻ እየተገለሉ፣ ብዙዎቹም ርስት ተነፍገው ኖረዋል። ቁርበቱ ላይ በኩራት እንተኛለን፣ ያለፋውን ሰው ዓይን ግን እንፈራለን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሙያ ያለውን ሰው በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። መቶ ዓመት አለፈው። አዋጁን ያስታወሰ ጥቂት ነው፣ ስድቡን ግን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። እንዲህ ባለበት አገር የቆዳ ባለሙያ ልጅ የአባቱን ሙያ ይውረስ ማለት ስድቡንም ይውረስ ማለት ነው። ስለዚህ ከተማ ይገባል፣ የቀን ሥራ ይሠራል፣ ማታ ስፖንጅ ላይ ይተኛል። ማን ይፈርድበታል? እኛም ብንሆን ከእናታችን የተላከልንን አጎዛ እንግዳ ሲመጣ ከአልጋ ሥር የምንከተው ያንኑ ስድብ በሌላ መንገድ እየደገምነው ነው።

ጉዳዩን የሚያሳዝነው ደግሞ ጥሬ ዕቃው ከእግራችን ሥር መሆኑ ነው። ልጆች እያለን በበዓል ማግስት ቆዳ ገዢ በየሰፈሩ እየተጣራ ያልፍ ነበር፤ የበጉን ቆዳ ሸጦ የልጆች ኪስ የሚሞላ አባወራ ነበር። ካለፉት አሥር ዓመታት ወዲህ ዋጋው ወደቀና የፋሲካና የእንቁጣጣሽ ቆዳ አዲስ አበባ ውስጥ በየቱቦውና በየጥጋጥጉ ሲጣል አየን። አፍንጫችንን ይዘን በላዩ እንራመዳለን፤ ከዚያ ገበያ ሄደን ኬሚካሉ በዶላር የገባ ስፖንጅ እንገዛለን።

እኔ የምለው ወደ መደብ እንመለስ አይደለም፤ አከራዬ ግድግዳዋ ሥር ጭቃ ሳቦካ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። ግን አናጢ ዘንድ አልጋ ስናሠራ ከጣውላ ርብራብ ይልቅ በጠፍር ማስወጠር ይቻላል። ከላዩ ቀጭን ግን ክብደት ያለው ስፖንጅ ወይም እየተፈታ የሚባዘት የጥጥ ፍራሽ፣ ከዚያ አጎዛ። ወፍራሙን ስፖንጅ በየሁለት ዓመቱ ከመቀየር ይልቅ ረክሶ ይገኛል። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም ሆነ በአካባቢው ያሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የቆዳ ትምህርት ሲያስቡ የጋይንትን፣ የስማዳንና የእስቴን አልፊዎች ሠልጣኝ አድርገው ሳይሆን አስተማሪ አድርገው፣ ደመወዝ ከፍለው ይጥሯቸው። አዲስ አበባ ውስጥ አጎዛን ለፈረንጅ የምትሸጡ ሱቆችም ዋጋውን እንደምትጽፉ ሁሉ ያለፋውን ሰው ስም ጻፉበት፤ ፈቃዱን ጠይቃችሁ።

ለመጪው በዓል በግ የምታርዱ ካላችሁ ገፋፊው ቆዳውን በቢላዋ እንዳይበሳው ንገሩት። ሥጋውንና ስቡን ከቆዳው ላይ ፍቃችሁ፣ ሳይውል ሳያድር አንድ ኪሎ ያህል ጨው የውስጠኛውን ገጽ በሙሉ ቀቡት፤ ጠርዙን አትርሱ፣ የሚበላሸው ከእሱ ጀምሮ ነው። ፀሐይ ላይ ሳይሆን ጥላ ያለበት ነፋሻ ቦታ ዘርጉት። የሚያለፋ ሰው ስትፈልጉ ደግሞ «እዚህ ሰፈር ፋቂ አለ?» ብላችሁ አትጠይቁ።