ቻይና የሄደ ተማሪ ምን ይዞ ይመለስ?

ከድሬዳዋ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ሐርላ የሚባል የገበሬዎች መንደር አለ። ገበሬዎቹ መሬታቸውን ሲያርሱ የሸክላ ስባሪ፣ ዶቃና የባዕድ አገር ገንዘብ ያገኙ ነበር። በቦታው ያሉት የግንብ ድንጋዮች እጅግ ትላልቅ በመሆናቸውም ‹‹እዚህ ይኖሩ የነበሩት ግዙፋን ናቸው›› የሚል ታሪክ ሲነገር ኖሯል። በ2009 ዓ.ም. ግን የኢትዮጵያ የቅርስ ጥናት ባለሥልጣንና የእንግሊዝ አገር የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በኅብረት ያካሄዱት ቁፋሮ ውጤት ተገለጸ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ12ኛው መቶ ዓመት የተሠራ መስጊድ፣ የጌጣጌጥ ሠሪዎች የሥራ ቦታ፣ የግብፅ ገንዘብ፣ እንዲሁም ከየመን አንሥቶ እስከ ቻይና ካሉ አገሮች የመጣ ዕቃ ተገኘ። ነዋሪዎቹም ግዙፋን ሳይሆኑ ቁመታቸው እንደ እኛው የሆነ፣ ነገር ግን ከሩቅ አገር ሰው ጋራ መገበያየትና አብሮ መኖር የሚያውቁ ሰዎች መሆናቸው ታወቀ።

ይኸን ያነሣሁት ስለ ቁፋሮ ለመጻፍ አይደለም። የድሬዳዋ ልጅ ነኝና፣ ለትምህርት ወደ ቻይና ሄጄ በቲያንጂን ከተማ በኖርሁባቸው ዓመታት ሐርላ ብዙ ጊዜ ትዝ ትለኝ ስለ ነበር ነው። ዱሮ የቻይና ሸክላ ወደኛ መጣ፤ ዛሬ ደግሞ የኛ ልጆች ለትምህርት ወደ ቻይና ይሄዳሉ። ሸክላው ስባሪውን ትቶልን አልፏል። ተማሪውስ ምን ይዞልን ይመለሳል? ዛሬ ሐሳቤን የምገልጸው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

በሰው አገር ተማሪ የሆነ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያጣው አንደበቱን ነው። በአገሩ ተናጋሪ የነበረው ጎልማሳ እዚያ ሲደርስ እንደ ሕፃን በጣቱ እያመለከተ ሽንኩርት የሚገዛ ይሆናል። ቻይንኛ አንዱን ድምፅ በአራት ዓይነት ዜማ እያወጣና እያወረደ የተለያየ ትርጉም የሚሰጥ ቋንቋ ነው። አንድ ቀን ለሻዬ ስኳር ፈልጌ ‹‹ታንግ›› ብዬ ብጠይቅ አሳላፊው አንድ ጎድጓዳ ሳሕን ሾርባ አምጥቶ ከፊቴ አኖረልኝ። ስኳርና ሾርባ የሚለያዩት በዜማቸው ብቻ ኖሯል! በዚያን ቀን ተናደድሁ፤ ኋላ ግን ሳስበው የኛም ቋንቋ ለእንግዳ ሰው እንዲሁ መሆኑን ተረዳሁ። ‹‹ገና›› ብለን ስንጽፍ በዓሉ ይሁን ‹‹ጊዜው አልደረሰም›› ማለታችን ይሁን፣ ‹‹ዋና›› ስንልም የውሃው ይሁን ወይም ከሁሉ የበለጠው ነገር ይሁን፣ ፊደሉ አይነግረውም፤ ማጥበቅና ማላላቱን ከሰው አፍ ካልሰማ በቀር ሊያውቅ አይችልም።

የምግቡም ነገር እንዲሁ ትምህርት ነው። ረቡዕና ዓርብ ሲደርስ የምጾም እኔ ‹‹ዶፉ›› የሚሉትን ከአኩሪ አተር የሚሠራ ምግብ ተለማመድሁ። አብሮኝ ያደረው የሐረር ልጅ ደግሞ እስላም ስለ ሆነ፣ በበራቸው ላይ የዓረብ ጽሕፈት ያለባቸውን የቻይና እስላሞች ምግብ ቤቶች ፈላልጎ አገኘ። እዚያ ሊጡን በእጃቸው እየሳቡ እንደ ክር አቅጥነው የሚያበስሉትን ምግብ፣ በሁለት ቀጫጭን እንጨቶች እየታገልን ለመብላት ብዙ ቀን ፈጀብን። የሐርላን መስጊድ ያስታወሰኝም ይኸው ምግብ ቤት ነው። እምነትም እንደ ሸክላው ረዥም መንገድ ይሄዳል።

በመንገድ ላይ ሕፃናት ሲያዩን ‹‹ላኦዋይ!›› ይሉናል፤ የውጭ አገር ሰው ማለት ነው። አንዳንዱም ሳይጠይቅ ፎቶግራፍ ያነሣናል። መጀመሪያ ጊዜ ደሜ ይፈላ ነበር። ነገር ግን በድሬዳዋ ጎዳና ልጆቻችን ጃፓኑንም ኮሪያውንም ሳይለዩ ‹‹ቻይና! ቻይና!›› እያሉ ሲከተሉ ስንቴ አይቼ ስቄ አልፌአለሁ? እንግዳን በስሙ መጥራት ምን ያህል ትልቅ ስጦታ መሆኑን የተረዳሁት ስሜን የሚያውቅ ሰው ባጣሁበት ከተማ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። እኛ የውጭ አገር ተማሪዎች የምናድርበት ሕንፃ ለብቻው ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት ያሳለፍሁት ከአገሬ ልጆች ጋራ በአማርኛ እየተጫወትሁ፣ ማታ ከአገር ቤት በመጣ በርበሬ ወጥ እየሠራሁ፣ ቻይንኛውንም ለፈተና ያህል እየሸመደድሁ ነው። ገበያ ስንሄድ ደፈር ያለውን አንዱን ጓደኛችንን አስቀድመን እኛ ከኋላው እንሰለፋለን። ስሕተት ተናግሮ ከመሣቅ ዝም ማለት ክብር ይመስለን ነበር። አባቶቻችን ‹‹ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል›› ያሉት ለኛ ነው።

ከዚህ እንቅልፍ የቀሰቀሰችኝ ሕንፃችንን የምታጸዳ አንዲት ባልቴት ናት። ቻይናዎች በዕድሜ የሚበልጣቸውን ሰው፣ ባይዛመዳቸውም፣ በዘመድ ስም ይጠራሉ፤ እኛ ጎረቤታችንን ‹‹እትዬ››፣ ‹‹ጋሼ›› እንደምንል ማለት ነው። እርስዋንም ‹‹አዪ›› እንላት ነበር፤ አክስቴ እንደ ማለት ነው። በክረምቱ ከተማውን የሚያቋርጠው የሃይ ወንዝ በበረዶ ይሸፈናል። በድሬዳዋ ሙቀት ያደግሁት እኔ በውርጩ ምክንያት ከክፍሌ መውጣት አቃተኝ። የቻይናዎች አዲስ ዓመት ሲደርስ ተማሪው ሁሉ ወደ ወላጆቹ ሄደ፤ ሱቆች ተዘጉ፤ ሕንፃው ባዶ ሆነ። በዋዜማው ማታ አዪ በራችንን አንኳኳች። ‹‹ጂያኦዝ›› የሚባለውን በሊጥ የተጠቀለለ ምግብ በሳሕን ይዛ ነበር። የአሳማ ሥጋ እንደማንበላ አስተውላ ኖሮ በእንቁላልና በቅጠል ሞልታዋለች። ላመሰግናት አፌን ብከፍት ከሁለት ቃል በላይ አጣሁ። አንድ ዓመት ሙሉ በአገሯ ኖሬ ለአንዲት እናት ምስጋና የሚሆን ዓረፍተ ነገር አልነበረኝም። በዚያች ሌሊት አፈርሁ። ከማግሥቱ ጀምሮ በየጧቱ ደረጃውን ስትጠርግ አጠገቧ ቆሜ አምስት አምስት ቃል እጠይቃት ጀመር፤ ዜማውን ስስት ትሥቃለች፤ ታርመኛለች።

ይሁን እንጂ የጠፋው ዓመት ዕዳው ተከትሎኝ መጣ። ወደ አገሬ ተመልሼ በገባሁበት መሥሪያ ቤት አንድ መሣሪያ ተበላሽቶ ቆመ። የአሠራር መመሪያው በቻይንኛ ብቻ የተጻፈ ነበር። አለቃዬ ‹‹አንተ ቻይና ተምረህ የለም? እስቲ አንብብልን›› ብለው በሰው ፊት ሰጡኝ። የማስጠንቀቂያውን ቃል አነበብሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ግን አልገባኝም። ባለሙያ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ሥራ ቆመ። ዲፕሎማዬ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያየኝ ነበር።

ይህ ነገር የአንድ ሰው ኀፍረት ብቻ ቢሆን ባልጻፍሁት። ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ ሲደርስ ከተማይቱ ተቆረቆረች፤ ፈረንሳይኛም የሥራው ቋንቋ ሆነ። ብዙዎቹ የባቡር ሠራተኞች ቋንቋውን የተማሩት በሥራ ላይ ሆነው፣ እየተሣቀባቸው ነው። ዛሬ ‹‹ለገሐር›› የምንለው ስም እንኳ ፈረንሳዮች የባቡር ጣቢያን ከሚጠሩበት ቃል የመጣ ነው። በቻይና ኩባንያዎች የተሠራው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ የሐርላ ቁፋሮ በተገለጸበት በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። አገልግሎቱን ይመሩ የነበሩት ኩባንያዎችም በ2016 ዓ.ም. ሥራውን ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ አስረከቡ። ሥራ መረከብ ማለት ቁልፍ መቀበል ብቻ አይደለም፤ የሠሪውን አሳብ ከጽሕፈቱ አንብቦ መረዳት ነው። ይኸን የማያደርግ ባለቤት በገዛ ንብረቱ ላይ እንግዳ ሆኖ ይኖራል።

ይቻላል ወይ የሚል ቢኖር ምሳሌው ከሩቅ አይደለም። ከ2006 እስከ 2011 ዓ.ም. የአገራችን ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ሙላቱ ተሾመ በወጣትነታቸው ቻይና ሄደው፣ ቋንቋውን አጥንተው፣ በፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ እስከ ዶክተርነት የተማሩ ሰው ናቸው። ያን ጊዜ ዛሬ ያለው የእጅ ስልክ፣ ጽሕፈትን ፎቶግራፍ አንሥቶ የሚተረጉመው መሣሪያ አልነበረም። መሣሪያው ለዛሬው ተማሪ ይረዳዋል እንጂ ስለ እርሱ ጓደኛ አያፈራለትም፤ ስለ እርሱም አያመሰግንለትም።

ስለዚህ ለመሄድ የተዘጋጃችሁ ወጣቶች ሆይ፣ ከአገራችሁ ልጆች ጋራ መኖራችሁን አልነቅፍም፤ ናፍቆት ከባድ ነው። ነገር ግን ከቀኑ አንዷን ሰዓት ለአገሩ ሰው ስጡ፤ ለጠራጊዋ፣ ለአትክልት ሻጩ፣ ለክፍል ጓደኛችሁ። ሥቀው ካረሟችሁ አትቀየሙ። ተማሪ የሚመርጡ መሥሪያ ቤቶችም ተማሪው ከመሄዱ በፊት የቋንቋውን መጀመሪያ እዚሁ ቢያስይዙት፣ ሲመለስም ዲፕሎማውን ብቻ አይተው ከማለፍ ‹‹ማንን አወቅህ? ምን ማንበብ ትችላለህ?›› ብለው ቢጠይቁት መልካም ይመስለኛል። እኛም በአገር ቤት ያለን፣ ከባቡርና ከፋብሪካ ሥራ የመጣውን እንግዳ ‹‹ቻይና!›› ከማለት ስሙን ብንጠይቀው የሚቀርብን ነገር የለም።

የሐርላ ሰዎች ከሩቅ አገር የመጣውን ከራሳቸው ጥበብ ጋራ አገናኝተው ሠሩበት። በዕርሻው ውስጥ የቀረው የሸክላ ስባሪ ምስክራቸው ነው። ከኛ ዘመን ተማሪዎችም በግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ወረቀት የበለጠ ምስክር ይጠበቃል።